ጋሽ ደምሴ ከአሸባሪ ያዳነን ዕለት

ምረጡኝ የሚል ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ውሃ አስገባላችኋለሁ» ይላል። ይሄ የዋህ ነው፤ በዓመቱ ቧንቧውን ከፍተን ጠብ ካላለ ጉዱ ፈላ። ሌላው ግን «ከአሸባሪ እጠብቃችኋለሁ» ይላል። ብልጡ እሱ ነው። አሸባሪው ካልመጣ «አያችሁ፣ አስቀረሁት» ይላል፤ ከመጣ ደግሞ «አላልኳችሁም?» ይላል። እስቲ ይሄን ሰው በምን ትይዙታላችሁ?

እዚህ መስቀጥ፣ አል ጉብራ የማጸዳበት ቤት ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነው የሚውለው። ሶፋ እየወለወልኩ የማላየው የዓለም መሪ የለም። የሚናገሩት አይገባኝም፤ ግን ሰውየው ቅንድቡን ሰብስቦ ጣቱን ሲቀስር፣ ከኋላው ጭስና የሚሮጥ ሰው ሲያሳዩ፣ እዚያ አገር ምርጫ መድረሱን አውቃለሁ። ጭሱ ጠፍቶ ሰውየው ሪባን መቁረጥ ከጀመረ ደግሞ አሸንፏል ማለት ነው። ይሄ ነገር ባሕር ተሻግሮ ማቢላ፣ እኛ ግቢ ድረስ ይመጣል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩ።

የኛ ግቢ አንድ አሮጌ ቪላ ነው። ክፍል ክፍሉን ተከራይተን የምንኖር አበሾች ነን፤ ሴቶቹ ጽዳትና ወጥ ቤት፣ ወንዶቹ ሾፌርና ጥበቃ። እድር አለን። እድራችን በር አጠገብ ያለችውን ክፍል በጋራ ተከራይቷል፤ የታመመችና መግቢያ ያጣች እስክታገግም የምትተኛባት ናት። በዚያ ሰሞን ጽጌ ነበረች የተኛችባት። መስኮት ስትወለውል ወድቃ እግሯ በጄሶ ተጠቅልሏል፤ ደረጃ መውጣት አትችልም። ከሷ ክፍል ሌላ ምድር ላይ ያለችው ደግሞ የኔው ክፍል ብቻ ናት። የቀረው ሁሉ ፎቅ ነው።

የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ደምሴ ይባላል። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የሚነዳው፤ ቀን የሰው ልጆች ሲያስጨንቁት ይውሉና ማታ እሱ እኛን ያስጨንቀናል። ወንበሩን ማንም ተመኝቶበት አያውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን ዘሃራ ተነሣችበት። ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት፤ አል ኹድ ምግብ ቤት ውስጥ ታበስላለች፤ ስትናገር እንደ ወጧ ነው፣ ውሃ አታበዛም። «ለበሽተኞች ክፍል ኤሲውን አሠራለሁ፤ ሁለተኛ አልጋ አስገባለሁ፤ ኻላስ፣ በቃ» ብላ ተቀመጠች። አጨበጨብን። ጋሽ ደምሴ ጭብጨባውን ሲሰማ ፊቱ እንደ ቀዘቀዘ ሽሮ ቆዳ ሠራ።

በማግሥቱ አሸባሪውን ይዞብን መጣ።

«እኅቶቼ፣ አልጋ ጥሩ ነው፤ ግን አልጋ ላይ የሚተኛው በሕይወት ያለ ሰው ነው» ብሎ ጀመረ። ዓለም ተበላሽቷል፤ አሸባሪ የሚወደው ሰው የተሰበሰበበትን ቦታ ነው፤ እኛ ደግሞ ከመሰብሰብ ሌላ ሥራ የለንም። ስለዚህ በር አጠገብ ያለችው ክፍል የጥበቃ ክፍል ትሁን አለ። ዘሃራ «ጽጌስ?» አለችው። «እኔ ይሄን ሁሉ የምደክመው ለማን ደኅንነት ሆነና!» አላት። «ከአልጋዋ አስነሥተህ ነው የምትጠብቃት?» ብትለው፣ ደኅንነት መሥዋዕትነት ይጠይቃል ብሎ ኮሌታውን አስተካከለ።

እኛ ሳቅን። ምን ያስቃችኋል? ይሄ እኮ ሰው የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ ሱቅ ገብቶ ዕቃ መርጦ የሚወጣበት አገር ነው። እኔ እስከማውቀው መስቀጥ ውስጥ ሽብር የሚነዙት የማዳሜ መንታ ልጆች ብቻ ናቸው። ይሄንኑ ተናግሬ ሰውን ሁሉ አሳቅኩ። ከዚያ ሳቄን ጨርሼ ክፍሌ ገባሁና በሬን ቆለፍኩ። ተኛሁ። ተነሣሁና መቆለፉን አየሁ።

ፍርሃት እንዲህ ነው፤ እየሳቃችሁበት ይገባል። ሳምንቱ ሳይጋመስ አንዷ «ጋሎን ውሃ የሚያመጣው ልጅ ጺሙን አሳድጓል፣ ልብ ብላችኋል?» አለች። ልጁ እኮ ስንተዋወቅም ጺም ነበረው! ሆኖም ሁላችንም ያን ቀን ልብ አልን። እኔ ወሬ ማዛመት አልወድም፤ ማንም ሳይሰማ እንዳይቀር ብቻ በየክፍሉ ዞሬ ነገርኩ።

የምርጫው ቀን ዓርብ አመሻሹ ላይ ነበር። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ አነጠፍን፤ ጽጌ ጄሶዋን በርጩማ ላይ ዘርግታ በሯ ላይ ተቀመጠች። እኔ ወንበር ላመጣ ደረጃ ሥር ብገባ አንድ ሻንጣ ተጎልቷል። ያው የምታውቁት ሻንጣ፤ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው የምንልከው፣ ብርድ ልብስና ሳሙና ጠቅጥቀን፣ እንደ ተፈነከተ ጭንቅላት በፕላስተር የምንጠቀልለው። እንዲህ ያለ ሻንጣ የሌለበት ክፍል የለም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ይሄኛው ግን ጠዋት አልነበረም። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምን አገባሽ ትሉኝ ይሆናል፤ ጆሮዬ ከኔ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ቦምብ!» አልኩ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ እኔም አላውቅም ነበር። ምንጣፉ ባዶውን ቀረ፤ ነጠላው ሌላ፣ ጫማው ሌላ። ሁላችን መንገድ ማዶ የቆሙ መኪናዎች ኋላ ተደበቅን። ከሁላችን ቀድሞ የደረሰው ጋሽ ደምሴ ነበር፤ በኋላ ስንጠይቀው «ከፊት ሆኜ መንገድ እያሳየኋችሁ ነበር» አለ። ዘሃራ ግን ዞር ብላ «ጽጌ የታለች?» አለች። ጽጌ! ረስተናት ወጥተናል። ዘሃራ ተመልሳ ገባች፤ በሽተኛዋን ከነጄሶዋ አዝላ፣ እያለከለከች ወጣች።

አንዷ ለፖሊስ እንደውል አለች። ጋሽ ደምሴ «ተይ! ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንቺን ባጣቃ ነው» አለና፣ ባጣቃ ሲባል ሁላችንም መታወቂያችን ያለበትን ቦርሳ ጨበጥን። ከዚያ ከአንድ ነጭ መኪና ኋላ አንገቱን አውጥቶ ንግግር ጀመረ። እኔ አላልኳችሁም ወይ? አልጋ አልጋ ስትሉ አልነበረም ወይ? ይኸው አሸባሪው ደረጃችን ሥር ገብቷል! ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እኔማ የማላውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ እየጠራሁ ነው።

ይሄኔ ከግቢው ውስጥ «ኩኩሉሉ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ቦምቡ እንደገና «ኩኩሉሉ!» አለ። መጀመሪያ የሳቀችው ዘሃራ ጀርባ ላይ ያለችው ጽጌ ናት። «ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ የአባትህ ዶሮ አይደለም እንዴ?» አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎጃም ያሉት የጋሽ ደምሴ አባት አውራ ዶሯቸውን ሸለምጥማጥ በላባቸው። ንጋት ላይ ለቤተ ክርስቲያን የሚቀሰቅሳቸው አጡ። ልጅ ሆዬ እንደ ዶሮ የሚጮኽ የቻይና ሰዓት ገዛላቸው፤ ከመላኩ በፊት በየክፍላችን እየዞረ አስጩኾልናል። ለንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሞልቶ፣ ከነባትሪው ሻንጣ ውስጥ ከትቶ፣ በዚያው ቀን ጠዋት አገር ቤት ለሚሄደው ለፎቁ ሙክታር ሰጠው። የቻይና ዶሮ ግን ንጋትና ማታ አይለይም፤ አሥራ አንድ ሲሆን ይጮኻል፣ ኻላስ። ሙክታር ጋ አዲስ አበባ ደወልን። «ጋሼ ይቅርታ፣ ኤርፖርት ኪሎ በዛብኝና ባለታክሲውን ግቢ መልስልኝ ብዬው ነበር፤ አልነገረህም?» አለ። ባለታክሲው ደረጃ ሥር ጥሎት ሄዷል። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ዶሮው ወደ ጎጃም መንገድ የጀመረ መስሎት የአባቱን ምርቃት ይጠብቃል።

እኔ ግንብ ይዤ ነው የሳቅኩት። በቃ፣ ሰውየው አለቀለት፣ ጽጌም በክፍሏ ትኖራለች፣ አልኩ። እናንተም እንዲሁ ብላችኋል አይደል?

ጋሽ ደምሴ ላቡን ጠረገ። ፕላስተሩን ቀዶ ሰዓቱን አወጣ፣ ብብቱ ሥር አደረገው፣ ደረጃው ላይ ወጣ። «አያችሁ ወይ?» አለ፣ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «የኔ የምስኪኑ ሰዓት ማንም ሳያየው ደረጃችን ሥር ከገባ፣ የሌላው ሰዓት እንዳይገባ ምን ያግደዋል?»

እስቲ መልሱለት! ዘሃራ «አሁን እኮ የሸሸነው ከዶሮ ነው!» አለች፤ እውነቷን ነው። ግን ከዶሮ የሸሸ ሰው ጉልበቱ ወዲያው አይመለስለትም። እኔም ለጋሽ ደምሴ የሚሆን መልስ እየፈለግኩ ሳለሁ እሱን የምትመርጡ እጅ አውጡ ተባለ። እጄን ማን እንዳዘዘው እንጃ፤ ዞር ብዬ ሳየው ላይ ነው። ጎረቤቶቼን ባይ የአብዛኞቹም ላይ ነው። ለዘሃራ ያወጡት ጥቂት ነበሩ፤ ከነሱ አንዷ ባለጄሶዋ። ዘሃራ ነጠላዋን አራግፋ «ያላ፣ መልካም ጥበቃ» ብላን ወጣች።

አሁን ተጠብቀናል። በር አጠገብ ያለችው ክፍል የጥበቃ ክፍል ሆናለች። ኤሲዋም ተሠርቷል፤ ጠባቂ መቅጠሪያ ገንዘብ «ፍሉስ ማፊ»፣ የለም፣ ስለሆነ ጋሽ ደምሴ ራሱ ከምሳ በኋላ ገብቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። ሰዓቱም ለደኅንነት ያስፈልጋል ተብሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የጎጃሙ ሽማግሌ ዶሮ እየጠበቁ ነው።

ጽጌስ? ደረጃ መውጣት አትችልም አላልኳችሁም? ምድር ላይ የቀረችው ክፍል የማን እንደሆነችም ነግሬያችኋለሁ። እሷ አልጋዬ ላይ ናት፣ እኔ ሲሚንቶው ላይ። ወገቤን ይዤ ሳልፍ ጋሽ ደምሴ ያየኝና «ምነው እትዬ ውቢት፣ አመመሽ እንዴ?» ይለኛል።

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዶሮው ግድግዳውን አልፎ ይጮኻል። በርግጌ እነሣለሁ። ይሄኔ ጽጌ አልጋዬ ላይ ትገላበጥና፣ ብርድ ልብሴን እስከ አንገቷ ስባ፣ «አይዞሽ እትዬ ውቢት፣ ተኚ» ትለኛለች፤ «እየተጠበቅን ነው።»