ጃንግሊ የመሆን ሦስት ደረጃዎች

[ፑንጃብ፣ በመስኖ ቦይ ዳር የሚሄድ ጭቃማ መንገድ። ዱካ ፈላጊው ዋርያም ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ከፊት ይሄዳል። ጡረተኛው መምህር ኢናያት ጃንጥላ ዘርግቶ ይከተለዋል።]

መምህር፦ ስድብ አይደለም እኮ ነው የምልህ። «ጃንግሊ» ማለት የጫካ ሰው ማለት ነው።

ዋርያም፦ እዚህ አገር ጫካ ነበር እንዴ?

መምህር፦ ካልነበረ ቃሉ ከየት መጣ?

ዋርያም፦ እንጃ። አያቴ የሚያወሩልን ስለ ደረቅ ሜዳና ስለ ቁጥቋጦ ነው። ጥላ ሲያጡ ላም ሥር ነበር አሉ የሚተኙት።

መምህር፦ አያትህ መዝገበ ቃላት ነበራቸው?

ዋርያም፦ ኧረ፣ ላም ነው የነበራቸው።

መምህር፦ በቃ፣ እንግዲያ ዝም በል። የኔ አያት በባቡር መጡ፣ ቦዩ ተቆፈረ፣ መሬቱ ለማ። እናንተ ላይ ስሙ ቀረ።

ዋርያም፦ መሬቱስ?

መምህር፦ አሁን የምናወራው ስለ ቃል ነው።

ዋርያም፦ እኔ እንኳ ስለ ተሰረቀችው ላምዎ መስሎኝ ነበር። ትናንት እርስዎ ሽማግሌ ፊት «የወሰዳት የዋርያም ወንድም ልጅ ሱጃዋል ነው፤ ጃንግሊ ያው ጃንግሊ ነው» አሉ። ዱካው ሌላ ካላሳየ ልጁ ነገ ከመንደር ይባረራል።

መምህር፦ እኔ ጠላቱ አይደለሁም፤ የማወራው በጥናት ነው። ሰው ጃንግሊ የሚሆነው በሦስት ደረጃ ነው። መጀመሪያ መታጠብ ይተዋል። ቀጥሎ መጮህ ይጀምራል። በመጨረሻ የሰው ከብት ይነዳል።

ዋርያም፦ [ተንበርክኮ] ይሄኛው ሁለቱን ዘሏቸዋል።

መምህር፦ ማን?

ዋርያም፦ ሌባው። እዩት፣ የከተማ ጫማ ነው። እዚህ ጋ ቆሞ ጭቃውን በሳር ጠርጓል። ንጹሕ ሰው ነው። ላሟም አልደነገጠችም፣ ቀስ ብላ ነው የሄደችው። አባብሎ ነው የወሰዳት እንጂ አልጮኸባትም።

መምህር፦ ሱጃዋል ጫማ ሰርቆ ይሆናል።

ዋርያም፦ እግርም ሰርቆ ካልሆነ በቀር። የሱ እግር ከዚህ በአራት ጣት ይበልጣል።

[ዱካው ከቦዩ ተገንጥሎ ወደ አንድ ትልቅ የብረት በር ይገባል። መምህሩ ጃንጥላውን አጥፎ ይቆማል።]

መምህር፦ ተሳስተሃል። ይሄ የመሐንዲስ ሳዳቃት ግቢ ነው። ልጄን የምድርበት ቤት።

ዋርያም፦ እንኳን ደስ ያለዎት።

መምህር፦ [ለራሱ] ከሙሽራዋ ጋር ላሟንም ስጠኝ ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። ሳቀና ሻይ ቀዳልኝ እኮ።

ዋርያም፦ የአገሩን ደንብ ያውቁታል። ዱካ የገባበት ግቢ ባለቤት የወጣበትን ያሳያል። ካላሳየ ላሟን ይመልሳል። ይጥሩት።

መምህር፦ ሠርጉ እኮ የዛሬ ሳምንት ነው፣ ዋርያም። ልጄ አልቅሳ ትሞትብኛለች። ቀስ ብለን ብንመለስስ? ዱካው ቦዩ ጋ ጠፋ እንላለን።

ዋርያም፦ ከዚያ ሱጃዋል ይባረራል።

መምህር፦ እሱ ወጣት ነው፤ የትም ሄዶ ሠርቶ ይበላል። [ጎንበስ ብሎ ዱካውን በጃንጥላው ጫፍ ማጥፋት ይጀምራል።]

ዋርያም፦ ይገርማል። ዱካ ለሚያጠፋ ሰው በኛም ዘንድ ቃል አለ።

መምህር፦ ጃንግሊ ነዋ የምትሉት?

ዋርያም፦ አይደለም። ድሮ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ስላልነበረ ቃልም አልነበረንም። ቦዩና ትምህርት ቤቱ ከመጡ ወዲህ ግን አንድ ሰው አይቶ አላየሁም ሲል፣ አሮጊቶቻችን ደረታቸውን ይመቱና «ምስኪን፣ ተማረ» ይላሉ።

[መምህሩ ቀና ይላል። ጃንጥላው ጭቃ ሆኗል።]

ዋርያም፦ በሉ እንግዲህ። እርስዎ ያንኳኳሉ ወይስ እኔ ያልተማርኩት ላንኳኳ?