ሊቀ ዘመድ እትዬ አረጋሽና ሦስቱ አባቶቼ

በየከተማው ሰውን በዘሩ ካልያዘ ሰላም የማይል አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው «እንዴት አደርክ?» ሲል እሱ «የማን ልጅ ነህ?» ይላል። አባትህን ብትነግረው አያትህን ይጠይቃል። አያትህን ስትነግረው «እሱማ በእናቱ በኩል የኛ ነው» ብሎ ዘመድ ያደርግህና ያርፋል። ደሴ ውስጥ ይህን ሹመት የያዙት የሆጤዋ እትዬ አረጋሽ ነበሩ። ቤተ ክህነት ሳይሰማ እኛው «ሊቀ ዘመድ» ብለን ሾመናቸዋል።

ሊቀ ዘመድ አረጋሽ ፊደል አልቆጠሩም፤ ዘር ግን ይቆጥራሉ። ከኩታበር እስከ ኮምቦልቻ ማን ከማን እንደሚወለድ ከባለቤቶቹ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ቀብር ላይ ቆመው ሟቹ ለአልቃሾቹ ምናቸው እንደሆነ ለአልቃሾቹ ያስረዳሉ። የደምመላሽን ሠርግ ያስቆሙት ሙሽራይቱ በቅሎ ላይ ከወጣች በኋላ ነው። ሁለቱ በስድስተኛው ቤት ይገናኛሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሰባት ቤት ያልተራራቁትን አታጋባም። ሰው ሁሉ ክው ብሎ ሲቀር እትዬ አረጋሽ ከድግሱ ፊት ተቀመጡና «ሠርጉ ቢቀር ዘመድ ተገኝቷል፤ ብሉ» አሉ።

እኔ ከእሳቸው እሸሽ ነበር። ያኔ፣ በ1930 ዓ.ም.፣ ሆጤ ውስጥ ማመልከቻ የምጽፍ ገና ጢም ያላበቀልኩ ልጅ ነበርኩ። የሰውን ሁሉ አቤቱታ «እኔ የእገሌ ልጅ እገሌ» ብዬ እጀምራለሁ፤ የራሴን ግን እንዲያ ብዬ መጀመር አልችልም። ኩታበር ያሳደጉኝ ቄስ ከመሞታቸው በፊት የነገሩኝ ይህን ብቻ ነው፤ በኅዳር በሽታ ዓመት፣ ቦሩ ሜዳ አጠገብ ካለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ሳለሁ ተቀበሉኝ። ቀለሙ የሚለውንም ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ እትዬ አረጋሽ ሲጠይቁኝ እዋሻለሁ። መጀመሪያ አባቴ ጎንደሬ ነው አልኩ። የጎንደር ነጋዴዎችን አጠያይቀው ሲመለሱ ወደ ላስታ አዛወርኩት። ላስታ ሲነቃብኝ መንዝ ወሰድኩት። በሦስት ወር ውስጥ ሦስት አባት ቀየርኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡኝም። እንዲያውም ከሩቅ ሲያዩኝ «ይሄ ልጅ ከባድ ነው» እያሉ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው ወርቅነሽን የወደድኩ ጊዜ ነው። ወርቅነሽ የኮምቦልቻው የአቶ በላቸው ልጅ ናት። ሽማግሌ ብልክ፣ አቶ በላቸው ልጁ ጨዋ ነው፣ የእጅ ጽሑፉም ያምራል፣ ግን አጥንቱ ሳይቆጠር ልጄን ሰጥቼው ነገ የእህቴ ልጅ ሆኖ ቢገኝ ለማን አቤት እላለሁ ብለው መለሷቸው። ከፋሲካ በኋላም ዘሩ የተቆጠረ ሌላ ጠያቂ እንደሚመጣ ሰማሁ።

እግሬ ሲሸሸው ወደኖረው ደጃፍ ወሰደኝ። ለእትዬ አረጋሽ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንገቴን ደፍቼ ስጨርስ ስድብ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን የጎንደሩን፣ የላስታውንና የመንዙን አባቶቼን በየተራ ጠርተው «ነፍስ ይማር» ብለው አሰናበቷቸውና ነጠላቸውን አነሡ። በማግስቱ ማለዳ ወደ ቦሩ ሜዳ መንገድ ጀመርን።

የዚያች ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ጠባቂ መሪጌታ ሞላልኝ ይባላሉ። ከዕቃ ቤት መጽሐፍ ለማንም አይወጣም አሉ። እትዬ አረጋሽ የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቋቸው። ብዙም ሳይቆይ መሪጌታ ሞላልኝ የእትዬ አረጋሽ አክስት የልጅ ልጅ ሆነው ተገኙና አሮጌውን ወንጌል በጨርቅ እንደተጠቀለለ አቅፈው ወጡ።

በወንጌሉ መጨረሻ ባሉት ባዶ ብራናዎች ላይ የቀድሞ ካህናት የአገሩን ነገር ጽፈውበታል፤ አንበጣ የወረደበትን ዓመት፣ ለቤተ ክርስቲያኗ የተሰጠውን መሬት፣ የተጠመቁትን፣ የሞቱትን። እኔ አነባለሁ፣ እትዬ አረጋሽ በየስሙ «እሱ የኛ ነው» እያሉ ያስቆሙኛል። ኅዳር 1911 ላይ ስደርስ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። «ሐረጎ ዳገት ላይ፣ በሽታ ከገደላት እናት ጀርባ የተገኘ ወንድ ሕፃን፤ አባቱ አልታወቀም፤ ያመጣው የኮምቦልቻው የበቅሎ ነጋዴ ጀማሉዲን» ይላል።

እትዬ አረጋሽ በዚህኛው ላይ «የኛ ነው» አላሉም። ድገመው አሉኝ። ደገምኩት።

«ጀማሉዲን የከሪማ ባል ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በሕይወት አለ። ተነሥ ልጄ።»

ሐረጎ ላይ ጣሊያን ኬላ ነበረው። ዘበኛው የይለፍ ወረቀት ጠየቀን፤ የለንም። እትዬ አረጋሽ ወረቀቱን ትተው የማን ልጅ እንደሆነ በአስተርጓሚ አስጠየቁት። ወጣቱ ግራ እየተጋባ የጁሴፔ ልጅ ነኝ አለ። ያ ማለት ዮሴፍ ነው፣ ዮሴፍ የሚባል አጎት እኛም አለን አሉት። ታዲያ ዘመዳሞች ነን ወይ ብሎ ሲስቅ፣ «አገሩ ይግባና እንቆጥርለታለን» አሉ። አስተርጓሚው ግማሹን ብቻ ተርጉሞ አሳለፈን። ቁልቁለቱን ስንወርድ እኔ ግን ዓይኔን ከመንገዱ ዳር አላነሣሁም፤ የትኛው ድንጋይ ጋ ይሆን እያልኩ።

ሼህ ጀማሉዲን አርጅተው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው። እትዬ አረጋሽ የመጣንበትን ሲነግሯቸው መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆመ። ያን ቀን ጭነት ይዘው ዳገቱን ሲወጡ አንዲት ሴት ድንጋይ ተደግፋ አዩ። የተኛች መስሏቸው ነበር። ከጀርባዋ ያለው ልጅ ግን ይጮሃል። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እሷን ወይራ ሥር ቀብረው ልጁን ቤታቸው አስገቡት። ባለቤታቸው ከሪማ በዚያው በሽታ ጨቅላዋ ሞቶባት ጡቷ ገና አልደረቀም ነበር።

«ሦስት ቀን አጠባችህ» አሉኝ። «ወላሂ፣ ልታስቀርህ ብላ አልቅሳለች። እኔ ግን አንገትህ ላይ ማተብ አየሁ። አደራ ለባለቤቱ ነው ብዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዤህ ወጣሁ።»

ከሪማ ከውስጥ ወጥተው ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

እትዬ አረጋሽ እንባቸውን ቶሎ ጠርገው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በሸሪዓው ያጠባች ምን ትባላለች ብለው ሼሁን ጠየቁ። እናት ናት አሏቸው። ይህን ይዘው፣ ሼሁንም አስከትለው፣ በዚያው ቀን አቶ በላቸው ቤት ገቡ።

አቶ በላቸው ወተት አጥንት አይሆንም፣ ልጁ አሁንም የእህቴ ልጅ ሊሆን ይችላል ብለው ተከራከሩ።

«የእርስዎን ዘር ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቃለሁ» አሉ እትዬ አረጋሽ። «በዚያ ኅዳር ከናንተ የጠፋች ሴት የለችም። ልጁ የናንተ ቢሆን እኔ ሳላውቅ እስከ ዛሬ ይቀመጥ ነበር?»

ለማረጋገጫም የአቶ በላቸውን አያቶች ከላይ ወደ ታች መቁጠር ጀመሩ። አንደኛው አያት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አቶ በላቸውን ኃይለኛ ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲለቃቸው ሠርጉ ከፋሲካ ማግስት እንዲሆን ተስማሙ። ያ አያት ምን አድርጎ እንደነበር እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም፤ ሚስቴም አታውቅም።

በሠርጋችን ቀን የእስላሙም የክርስቲያኑም ለየብቻ ታረደ። ሼህ ጀማሉዲንና ከሪማ የወላጅ ቦታ ተቀመጡ።

በ1931 ልጅ ተወለደችልን። በሰማንያ ቀኗ እዚያችው ቤተ ክርስቲያን ወሰድናት። መሪጌታ ሞላልኝ ወንጌሉን ዘርግተው፣ ከመጨረሻው ብራና በተረፈው ቦታ ላይ የክርስትና ስሟን ወለተ ማርያም ብለው ጻፉ፤ የቀለሙ ልጅ አሉ፤ ከዚያ የአያቷ ስም ላይ ብዕራቸው ቆመ። ክፍቱን ይተዉት ልላቸው አፌን ስከፍት እትዬ አረጋሽ ቀደሙኝ።

«ጀማሉዲን ብለው ይጻፉ።»

መሪጌታ ይህ የክርስትና ስም አይደለም አሉ። እትዬ አረጋሽም ልትጠመቅ የመጣችው ልጅቱ እንጂ አያትየው አይደሉም አሏቸው። መሪጌታ ከዘመዳቸው ጋር መከራከር ሰልችቷቸው ጻፉ። ሼሁ ከቅጥሩ ውጭ በቅሎ ይዘው ይጠብቁን ነበር።

አንድ መስመር ቀርቶ ነበር። የክርስትና እናቷ እትዬ አረጋሽ ነበሩና ስማቸው እንዲገባ ለመንኩ። እትዬ አረጋሽ ልጅ አልወለዱም፤ የአገሩን ዘር ሁሉ በአእምሯቸው ተሸክመው ሲዞሩ የእሳቸው ስም አንድም ቦታ ተጽፎ አያውቅም። መሪጌታ ጽፈው ሲጨርሱ እትዬ አረጋሽ «የቱ ነው?» አሉኝ በቀስታ። አሳየኋቸው። መሪጌታ «ቀለሙ ገና አልደረቀም» ብለው ሳይከለክሏቸው ጣታቸውን አሳረፉበት።

ዛሬም ያን ብራና የገለጠ ሰው «አረጋሽ» ከሚለው ስም ላይ የመጨረሻዋን ፊደል ማንበብ ያቅተዋል። እኔ ግን እሷን ፊደል ከሁሉ አስበልጬ እወዳታለሁ።