ጸባዩ የታወቀለት ሞተር

እኛ ዘንድ ዕቃ ሲበላሽ አይጠገንም፤ ጸባዩ ይታወቅለታል። የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት በር ወደ ላይ ከፍ ተደርጎ በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም፤ እንግዳ ሰው መጥቶ ሲታገለው ያየ ሁሉ «ወንድሜ፣ ጸባይ አለው» ብሎ ያስተምረዋል። ንፋስ መውጫ ከተማ ባጃጅ የተሳፈራችሁ እንደሆነ፣ ሹፌሩ ገና ሳትደላደሉ «በሩን ያዝ አድርጉልኝ» ይላችኋል፤ እናንተም ከፍላችሁ የተሳፈራችሁ መሆናችሁን ረስታችሁ እስክትወርዱ ድረስ የበሩ ዘበኛ ሆናችሁ ትጓዛላችሁ። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ደግሞ የዘጠነኛ «ሀ» ሰሌዳ በአንድ ምስማር ብቻ ስለተንጠለጠለ፣ በግራ በኩል ጫን ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ፊዚክስን በሰሌዳው ቀኝ ግማሽ አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼ ግማሹን ብቻ ቢያውቁ አልፈርድባቸውም።

ለምን አይጠገንም አትበሉኝ፤ መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ብልሽትን የለመደ ሰው ልማዱ ዕውቀት መስሎ ይታየዋል። በሩ ቢጠገን ማንም ይከፍተዋል፤ ካልተጠገነ ግን መክፈቻውን የሚያውቅ ሰው ይከበራል። እኔም «መላ አያጣም» መባል ደስ ይለኛል። ይለኝ ነበር ልበል።

በእኛዋ ከተማ በወገዳ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የአያ ደሴ የናፍጣ ወፍጮ አለ። አያ ደሴ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ንግግር የማያበዙ፣ ቅንድባቸው ከዓመት ዓመት ዱቄት የለበሰ ሰው ናቸው። አንድ የማይጣስ ሕግ ነበራቸው፤ ሬሳ ሲያልፍ ሞተር ይጠፋል። ተራው ቢረዝም፣ የፀሐይ መግቢያ ሰዓት ቢደርስ፣ የወረዳው ሹም እህል በወፍጮው አፍ ላይ ቢሆን ግድ የላቸውም። «ሰው ወደ አፈሩ ሲሄድ እኛ ምን ያስጮኸናል?» ይላሉ። ሞተሩን አጥፍተው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ በዱቄታም ቀኝ እጃቸው ያማትባሉ፤ ግንባራቸው ላይ ነጭ ምልክት ይቀራል። ለቀስተኛው ካለፈ በኋላ ነው ሥራ የሚቀጥለው።

ናፍጣ ሞተር እንደ መኪና በቁልፍ አይጠፋም። ናፍጣውን የምትዘጋ አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ ናፍጣ በሚገፋው ፖምፓ ላይ አለች፤ እሷን የሚስብ ሽቦ በቀጭን ቱቦ ውስጥ አልፎ በሩ አጠገብ ካለ እጀታ ጋር ይገናኛል። እጀታውን ሳብ፣ ሞተሩ ይጠፋል። ካቻምና ክረምት ላይ እጀታው አልሳብ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን አልመጣም ይላል።

አያ ደሴ እኔ ዘንድ መጡ። «መምህር፣ ይህ ሞተር አልጠፋ እያለ አስቸገረኝ፤ ባለፈው የሰው ሬሳ እየጮኸበት አለፈ» አሉኝ። ያንገበገባቸው የናፍጣው ብክነት አልነበረም።

ሄጄ አየሁት። እጀታውን ሁለት ጊዜ ነካካሁ። መካኒክ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ እስኪመጣ ስንት ቀን ይፈጃል፣ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ደግሞስ እኔ እያለሁ? «አያ ደሴ፣ ሞተር ማለት የሚተነፍስ ነገር ነው፤ ትንፋሽ ከከለከሉት ይሞታል» አልኳቸውና፣ ጆንያ በውኃ ነክሬ አየር የሚስብበትን አፍ ደፈንኩት። ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ጸጥ አለ። ተራ ይጠብቅ የነበረው ሕዝብ ተደነቀ። አንዲት እናት «መማርስ እንዲህ ነው» አሉ። ያን ቀን ተራ ሳልጠብቅ አስፈጨሁ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። የአየር መሳቢያው አፍ ያለው ከሞተሩ ማዶ ነው። ከበሩ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር በሚያገናኘው ሰፊ ቺንጋ ጎን፣ በእሱና በግድግዳው መካከል ተሾልኮ ይታለፋል። አይቼዋለሁ፤ አላየሁም አልልም። «ሲያልፉ ጋቢዎን ሰብሰብ ያድርጉ» አልኳቸው። እኔም በተራዬ ጸባዩን ነገርኳቸው ማለት ነው።

ጆንያው በምስማር ተሰቅሎ፣ ከሥሩ የውኃ ባልዲ ተቀምጦለት፣ ከዓመት በላይ አገለገለ። እጀታውን የሚያስታውሰው ጠፋ።

ባለፈው ጥር አያ ደሴን ልጅ ሆነው ዳዊት ያስደገሟቸው አሮጌው መሪጌታ ዐረፉ። እኔ ጤፌን ይዤ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ነፋሱ ወደ ማዶ ይነፍስ ስለነበር፣ የቄሶቹን ዜማ የሰማነው ቃሬዛው ደጃፉ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። አያ ደሴ ደነገጡ። መጀመሪያ እጀታውን ሳቡት፤ ንቅንቅ አላለም። ጆንያውን ከምስማሩ ነጠቁና ወደ ማዶ ሮጡ። ጋቢያቸውን አልሰበሰቡም። መሪጌታቸው ሞተር እየጮኸባቸው ሊያልፉ ነዋ።

የሆነውን አልዘረዝርላችሁም። ቺንጋው የጋቢውን ጫፍ ያዘ፤ ጋቢው ደግሞ ቀኝ እጃቸውን ይዞ ሄደ። እኔ ዘልዬ እጀታው ላይ ተንጠለጠልኩ። በሁለት እጄ፣ እግሬን ግድግዳው ላይ ተክዬ ሳብኩት። አልመጣም። ስለ ሞተር ትንፋሽ የሰበክሁት ሰውዬ፣ ሰው ፊቴ እየጮኸ አንዲት እጀታ መሳብ አቃተኝ። ቺንጋው በራሱ ጊዜ ተፈናጥሮ ወጣ። ሞተሩ ሸክሙ ስለቀለለው ይብስ አጓራ። ከወደቀበት ጆንያውን አንሥተው የሞተሩን አፍ የደፈኑት እኚያው «መማርስ እንዲህ ነው» ያሉኝ እናት ናቸው። ቀና ብለው አላዩኝም።

ለቀስተኛው ለሁለት ተከፈለ። እኩሌታው መሪጌታን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዞ ሄደ፤ እኩሌታው አያ ደሴን በሌላ ቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ተሸከመ። ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር ተላኩ፤ እጃቸው ከክርናቸው በላይ ተቆረጠ።

በሦስተኛው ቀን መፍቻ ይዤ ወፍጮ ቤቱ ገባሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ሽቦውን ከፖምፓው ፈታሁት። ምላሷን በጣቴ ገፋ አደረግኋት፤ ሄደች፣ ተመለሰች፤ ጤነኛ ናት። እጀታውንም ለብቻው አንቀሳቀስኩት፤ ጤነኛ ነው። እንግዲህ የቀረው በመካከል ያለው ሽቦ ነው። ከቱቦው ስቤ ሳወጣው፣ የስንት ዓመት ዱቄት ከዘይት ጋር ተቦክቶ እንደ ምጣድ ፍርፋሪ ደርቆበታል። በናፍጣ አጠብኩት፤ በንጹሕ ዘይት አሸሁት፤ መለስኩት። አንድ ቁና እህል ለማስፈጨት የሚወስደውን ያህል ጊዜ አልወሰደብኝም። እጀታው በአንድ ጣት መጣ። በየዓመቱ ስለ ሰበቃ አስተምራለሁ፤ ፈተናም አወጣበታለሁ። እዚያው ጆንያዎቹ መካከል ተቀምጬ አለቀስኩ።

አያ ደሴ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ። አሁን እህሉን ወፍጮው አፍ ላይ የሚያፈሱት ባለቤታቸው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ሄጄ እጀታውን አሳየኋቸው። በግራ እጃቸው ሳቡት፤ ጠፋ። አስነሥተው ደግመው ሳቡት፤ ጠፋ።

«ለካ እንዲህ ቀላል ኖሯል» አሉ።

«አዎ፣ አያ ደሴ።»

«ያን ጊዜም እንዲህ ቀላል ነበር?»

«ነበር» አልኳቸው።

እጀታውን ለቀቁና «ይሁን፤ እግዜር ያመጣው ነው» አሉ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። እኔ ያመጣሁትን እግዜር ሲሸከምልኝ መስማት እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቁኝ። የዘጠነኛ «ሀ» ሰሌዳ አሁንም በአንድ ምስማር መሆኑንም አትጠይቁኝ።

ባለፈው ሳምንት ጤፍ ላስፈጭ ተሰልፌ ሳለ ሬሳ መጣ። ዜማው ከሩቅ ተሰማ። አያ ደሴ አልሮጡም፤ በግራ እጃቸው እጀታውን ሳብ አደረጉት፤ ሞተሩ ወዲያው ጸጥ አለ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆሙና ለማማተብ ቀኝ ትከሻቸው ተነሣ። ባዶው እጅጌ ትንሽ ተወዛወዘ። አያ ደሴ አዩት። ቃሬዛው እስኪያልፍ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ፤ ግንባራቸው ላይ ዱቄት አልነበረም።

ማጥፊያው ግን በጣም ደህና ነው የሚሠራው።