ሰባ ሴንቲሜትር ፈቀቅ

አዲስ አበባ ውስጥ የግንባታ ደንብን የሚቃወም አንድም ባለቤት አይገኝም። ሁሉም ደንቡን ይደግፋል፤ ጎረቤቱ ላይ ጠበቅ እንዲልም ይፈልጋል። የራሱ ቤት ላይ ሲደርስ ብቻ ነገሩ «ልዩ ሁኔታ» ይሆናል። የአንዱ በረንዳ ልዩ ነው፣ የሌላው ደረጃ ልዩ ነው። አጥሩ ወደ መንገድ የወጣበት ሰው ደግሞ አጥሬ አልወጣም፣ መንገዱ ነው የገባው ይላል። የይዞታ ካርታውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ቢሮ ለቢሮ የሚዞረውን ይህን ፍጡር የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ወይ ተከራይ ነው ወይ ራሱ ፍጡሩ ነው።

በየካ ክፍለ ከተማ የዚህ ሕዝብ ንግሥት ክብርት ወይዘሮ አሳየች ናቸው። «ክብርት» የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ መንግሥት ቢዘገይባቸው ብዬ ነው። ኮተቤ፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ላይ፣ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ናቸው።

ጉዳያቸው ይህ ነው። የእኔ ቤት ከመንገዱ ጋር እኩል ነው። የሳቸው ቤት ግን ከመንገዱ በታች ገደሉ ሥር ተቀምጧል፤ ከበራቸው እስከ ቤታቸው ሠላሳ አንድ ደረጃ ይወረዳል። ባለቤታቸው ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ በወጡ በዓመቱ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ለሁለት ዓመት መንገድ አላዩም። ወይዘሮ አሳየች ታዲያ ላይኛው ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ባላቸው በወንበር የሚገቡባት የሚወጡባት አንዲት ክፍል መሥራት ፈለጉ። ደንቡ ግን ከመንገድ ሦስት ሜትር ሽሹ ይላል። ሦስት ሜትር ከሸሹ ከኋላ ገደል ነው፤ የሚተርፈው መሬት ወይ አልጋውን ወይ ሰውየውን ነው የሚይዘው። የጎደለው ሰባ ሴንቲሜትር ነው።

«እኔ ሕግ ይጣስልኝ አላልኩም» ይላሉ ላገኙት ሰው ሁሉ። «ሕጉ ትንሽ ፈቀቅ ይበልልኝ ነው ያልኩት።»

ቢሮው የሚፈራቸው በጩኸት አይደለም። ወይዘሮ አሳየች አይጮሁም። የሚፈራቸው በመቀመጥ ነው። «ሲስተም የለም» ሲሏቸው «እስኪመጣ እጠብቀዋለሁ፣ ምን ቸኩዬ» ብለው ከዘንቢላቸው ሹራብ ሥራቸውን ያወጣሉ። በወረፋው ላይ ላለው ሕዝብ የማመልከቻውን ሥርዓት ማስተማር ከጀመሩ በኋላ ግማሹ ባለጉዳይ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይመስሉት ጀመር። አንድ ቀን ከሲግናል ሰፈር የመጣ ሰውዬ የፎቁን ፕላን በሁለት እጁ ሲያስረክባቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ተቀበሉት፣ ገለጥ ገለጥ አደረጉት፣ «የጎረቤት ስምምነት ጎድሎሃል» ብለው መለሱለት። እውነትም ጎድሎት ነበር።

ከመንገድ የሚሸሸውን ርቀት የቢሮ ሰዎች «ሴትባክ» ይሉታል። ወጣቷ መሐንዲስ ጊፍቲ ለመጀመሪያ ጊዜ «እማማ፣ የእርስዎ ግንባታ ሴትባክ አያሟላም» ስትላቸው ወይዘሮ አሳየች መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ሴትባክ የምትሉት ሴትን ለማጉላላት ብቻ ነው የወጣው? ወንድባክ የለውም?»

ጊፍቲ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቢሮው ውስጥ ደንቡን በትክክለኛ ስሙ የሚጠራ ጠፋ።

ትልቁ ጦርነት የተነሣው ግን በአንዲት ቃል ነው። ማመልከቻ የጻፈ ሁሉ እንደሚያውቀው መጨረሻው «ጉዳዬ በልዩ ሁኔታ እንዲታይልኝ» ነው። ልዩ ሁኔታን የሚወስነው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ከበበም ማመልከቻውን ያነቡና ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ታይቷል፣ ተቀባይነት የለውም» ብለው ይመልሱታል። ሌላው ባለጉዳይ እዚህ ላይ አልቅሶ ወይ ተራግሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወይዘሮ አሳየች ግን ሁለተኛዋን ቃል አለፏትና በመጀመሪያዋ ተጣሉ።

«ታይቷል? ማን ነው ያየው?»

«ኮሚቴው፣ እናቴ።»

«መቼ መጣ? በሬ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ነው የከረምኩት፤ ኮሚቴ ሲያልፍ አላየሁም።»

«ወረቀቱ ታይቷል ማለት ነው እኮ» አሉ አቶ ከበበ።

«ወረቀት ይነበባል እንጂ አይታይም። እኔ ይነበብልኝ አላልኩም። ይታይልኝ ነው ያልኩት።»

ሌላ ማመልከቻ ጻፉ። «ታይቷል» ተብሎ ተመለሰ። «አልታየም» ብለው ሥሩ ላይ ጽፈውበት መልሰው አስገቡት። በዚህ ዓይነት በአሥራ አንድ ወር ውስጥ አሥራ አንድ ማመልከቻ ገባ። ስማቸው አሳየች ሆኖ ማሳየት አለመቻላቸው ሳይሆን አይቀርም እንዲህ ያደረቃቸው።

እስካሁን ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፤ እያፈርኩ ልናገረው። ለሲግናሉ ሰውዬ የጎደለው ወረቀት ለሳቸውም ጎድሏቸው ነበር። የጎረቤት ስምምነት። ጎረቤቱ ደግሞ እኔ ነኝ። ክፍሏ ከተሠራች ከኩሽናዬ መስኮት ፊት ትቆማለች፤ ብርሃኔ ይሄዳል። «ይቅርታ እትዬ አሳየች፣ ይሄ እንኳን ይከብደኛል» ብዬ አልፈርምም አልኩ። ከዚያ በኋላ በበራቸው ላለማለፍ ስል ታክሲ ለመያዝ በላይኛው መንገድ እዞር ነበር። አንድ ቀን ዳቦ ቤት ያዙኝ።

«በርናባስ፣ ለምንድን ነው የምትሸሸኝ? ፊርማህን ከለከልከኝ፣ እሺ፣ ያንተ ነው። ሰላምታህን ግን ምን አድርጌህ ነው?»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማክሰኞ ኮሚቴው መጣ። አሥራ ሁለተኛው ማመልከቻ አሸነፋቸው መሰለኝ። አቶ ከበበ፣ ጊፍቲና ከወረዳ የተወከለ አንድ ሰው ከነሾፌራቸው መንገዱ ዳር ቆሙ። እኔም አዋሳኝ ጎረቤት ተብዬ ተጠራሁ። አቶ ከበበ ወፍራም ሰው ናቸው፤ ደረጃውን ቁልቁል አዩና «ከዚህም በደንብ ይታያል» አሉ።

«ከዚህ የሚታየው ቆርቆሮ ነው» አሉ ወይዘሮ አሳየች። «ደግሞም ካርታው በባለቤቴ ስም ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ የሚፈርመው እሱ ነው።»

«እውነታቸውን ነው» አለች ጊፍቲ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ልኬቱ ተወሰደና ወረቀቱን ይዘን ሁላችንም ወረድን። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ከረባታቸውን አድርገው ወንበራቸው ላይ ይጠብቁን ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ በዚያች በምትጎተት አንደበታቸው «ያላየሁትን ልኬት አልፈርምም» አሉ።

አቶ ከበበ ሚስትየዋን ዞረው አዩ። ወይዘሮ አሳየች ግን እንደኛው ደንግጠው ነበር፤ አላስጠኗቸውም።

ሽማግሌውን ከነወንበራቸው ተሸከምናቸው። አቶ ከበበና የወረዳው ሰው ከፊት፣ ሾፌሩና እኔ ከኋላ። አራት ጊዜ አረፍን። ሃያኛው ደረጃ ላይ አቶ ከበበ ላባቸውን እየጠረጉ «ይሄንን በየቀኑ ማን ይችለዋል?» አሉ። ላይ ደርሰን ጋሽ ወልደ ሐዋርያትን አስቀመጥናቸው። ሚኒባሶቹን አዩ፣ ዳገቱን አዩ፣ ሰላም ላላቸው መንገደኛ ሁሉ ደህናውን እጃቸውን አነሡ። ጊፍቲ ሜትሩን ዘርግታ ሰባዋን ሴንቲሜትር አሳየቻቸው።

«ይቺ ናት?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

ሳቁ። ፈረሙ።

«በሉ ጋሼ፣ እንመልስዎ» አሉ አቶ ከበበ ወንበሩን እየያዙ።

«አልወርድም።»

«እንዴት?»

«ውሳኔያችሁን እዚሁ እጠብቃለሁ።»

ወይዘሮ አሳየች ባላቸውን አዩ። ጉልበተኛዋ እሳቸው ይመስሉን ነበር፤ ለካ ሠላሳ አንድ ደረጃ ወርዶ የተቀመጠ ሌላ እምቢተኛ ነበረ። እኔም አፈርኩ። ለአንዲት መስኮት ብዬ ሰው ቀብሬ እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ። የስምምነቱን ወረቀት ከጊፍቲ እጅ ተቀብዬ መኪናው ላይ አስደግፌ ፈረምኩ፤ ከዚያ የሳሎኔን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩላቸው።

ጋሽ ወልደ ሐዋርያት እኔ ቤት አሥራ ዘጠኝ ቀን ተቀመጡ። ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ሆነው መንገዱን ይጠብቃሉ። ተማሪዎቻቸው የነበሩ ሽማግሌዎች ሊጠይቋቸው ይመጣሉ፣ ሚስታቸው ምሳ ይዘው ይወጣሉ፣ እኔ የማላውቀው ሰው በገዛ ሳሎኔ ውስጥ «ግባ፣ ግባ» ይለኛል። በሃያኛው ቀን ደብዳቤው መጣ፤ በልዩ ሁኔታ ተፈቅዷል። እስክትሠራ ሁለት ወር የፈጀችው ክፍል ዛሬ መንገዱ ዳር ቆማለች።

ኩሽናዬ ግን እንደፈራሁት ጨለመ። ሽንኩርት ለመክተፍ በቀትር አምፖል አበራለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ዓርብ ወይዘሮ አሳየች በሬን አንኳኩ። በእጃቸው በስሜ የተጻፈ ማመልከቻ ይዘዋል፤ የኩሽናዬን ጣሪያ ከፍ አድርጌ በሳቸው በኩል፣ ደንቡ ከሚፈቅደው በላይ ወደ አጥራቸው ቀርቤ፣ መስኮት እንድከፍት ይጠይቃል። የጎረቤት ስምምነቱ ከነባልና ሚስቱ ፊርማ ተያይዟል።

«እትዬ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልችልበትም። የሚሉኝንም አላውቅ።»

«የሚሉህን እኔ አውቃለሁ። አንተ ፈርም።»

ፈረምኩ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮው ስደርስ ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል። ወይዘሮ አሳየች ሹራባቸውን እየሠሩ ለእኔ ተራ ይዘው ቆመው ነበር። የሳቸው ጉዳይ ካለቀ ወራት አልፈዋል።