የፍሬኑ ብሎንና የእኔ ምላስ

መፍቻ ጨብጠው የማያውቁ፣ ግን ሰው ሲሠራ አናቱ ላይ ቆመው የሚያዙ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? ቀለም ባልቆጥርም እነሱን ከሩቅ እለያቸዋለሁ። አንዷ እዚህ ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ልጇ ቤት ተቀምጣለች። ምን ልደብቃችሁ፣ እኔው ነኝ።

የልጄ ባል በቦዳቦዳ፣ በሞተር ታክሲ፣ ሰው እያመላለሰ ያበላናል። ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ የሞተሩን የፍሬን ብሎን ሲያስር፣ "አጥብቀው እንጂ!" አልኩት።

"ይበቃዋል፣ እማማ።"

"ጨምርለት! ሰው እኮ ነው የምትጭንበት።"

አማች ለአማቱ እምቢ ይላል እንዴ? ጨመረ። ብሎኑ ቀጭ አለና ተሰበረ፤ ግማሹ ውስጥ ቀረ።

ልጄ ወጥታ፣ "አንተ መቼም ትዕግሥት የለህ!" ብላ ጮኸችበት።

"እጄ ከብዶ ነው" አላት። ያ ሁሉን አዋቂ ምላሴ የት ገባ?

የቅዳሜ ተሳፋሪ ሁሉ አለፈው። ዘይት እያንጠባጠበ፣ በመሮ ጫፍ ወደ ግራ ቀስ እያደረገ ሲመታ ውሎ፣ ወደ ማታ ላይ ስባሪውን አወጣው። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? "አላልኩህም? ቀስ ካልከው ይወጣል!"

"እውነትዎን ነው፣ እማማ" አለኝ ላቡን እየጠረገ።

ምናለ ቢቆጣኝ ኖሮ!