የጋሽ ማጥፊያ ሰሌዳ

በየትኛውም ትምህርት ቤት ከተማሪ ስልክ የሚለቅም አንድ መምህር አይጠፋም። ደወሉ ይበላሽ ይሆናል፣ ጠመኔ ያልቅ ይሆናል፣ ዳይሬክተር ይቀየር ይሆናል፤ እሱ ግን መዳፉን ዘርግቶ በር ላይ አለ። በሙያ ትምህርት ቤቱ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ማጥፊያ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቹ ናቸው፤ እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነዋል።

ሌላው ለቃሚ ስልኩን ካርቶን ውስጥ ይወረውራል። ጋሽ ማጥፊያ ግን የእጅ ባለሙያ ናቸው። ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ መዶሻው፣ ፒንሳው፣ ሞረዱ የሚሰቀልበት ሰሌዳ አለ፤ የጎደለው ከሩቅ እንዲታወቅ ከእያንዳንዱ ዕቃ ኋላ ቅርጹ በቀለም ተሥሏል። እሳቸው ደግሞ ከጎኑ የስልክ ሰሌዳ ሠሩ። የእያንዳንዱን ተማሪ ስልክ ዙሪያውን በእርሳስ ከበቡ፣ ቀለም ሞሉት፣ ማቀፊያ ገጠሙለት። ስልክ የቀየረ ሰው ልብስ ሰፊ ዘንድ እንደሚሄድ እሳቸው ዘንድ ሄዶ ያስለካል።

ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ማሽኑ ‹ቆይ› አይልም!»

ከጎናቸው ያለው ክፍል የንድፍ መምህርቷ ነው፤ እሷ ስልክ ትፈቅዳለች። «ኧረ ጋሼ፣ ዘመኑን ይምሰሉ! የእኔ ልጆች ንድፉን ስልክ ላይ ካላገላበጡት አይገባቸውም።»

«ያንቺ እርሳስ ጣት አይቆርጥማ፣ እመቤቴ!»

አንዱ ጎረምሳ እውነተኛ ስልኩን ኪሱ ትቶ፣ ከላሜራ የስልክ ቅርጽ ቆርጦ፣ ጠርዙን አለስልሶ፣ ጥቁር ቀብቶ አስረከባቸው። ጋሽ ማጥፊያ በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉት። «ለሞረድ አያያዝህ ሙሉ ማርክ። ለተንኮልህ ወላጅ ይዘህ ና።» ዳይሬክተሩም ለጉብኝት መጥተው ኪሳቸው ቢዘፍን ምሕረት አላገኙም፤ «ወዲህ ይበሉት፣ ክቡር ዳይሬክተር» ተባሉ። የስልካቸው ቅርጽ አሁንም ሰሌዳው አናት ላይ አለ።

እንግዲህ ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጸው ቶርኖ ላይ ፈተና በሚሰጥበት ቀን፣ ከክፍሉ ጎበዝ የምትባለዋ ልጅ አንድ አሮጌ ስልክ አስረከበቻቸው። ጋሽ ማጥፊያ መዘኑት። ቀለላቸው።

«ይሄ ባትሪ የለውም፤ ነፍሱ ከወጣ ቆይቷል። ሌላውን አምጪ።»

ልጅቷ ከቱታዋ ኪስ ሌላ ስልክ አወጣች፤ እጇ ግን አልለቀቀውም። «ጋሼ፣ እናቴ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታለች። አክስቴ ትደውልልኛለች።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሌላ ቀን እፈትንሻለሁ፤ ሂጂ!»

«አይ ጋሼ፣ እዚያ በር ላይ ከቆምኩ አብዳለሁ። እሷም ‹ሂጂና ተፈተኚ› ብላኛለች።»

ጋሽ ማጥፊያ ሰሌዳውን አዩ፣ ቶርኖውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ከዚያ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍተው ስልኩን ራሳቸው ያዙት። «እጅሽ ለብረቱ፣ ጆሮው ለእኔ። ጀምሪ!»

ችግሩ ወርክሾፑ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፤ ኔትወርክ የሚገኘው መስኮቱ ጋ ብቻ። በልጅቷ ኪስ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ስልኩ ቀኑን ሙሉ አይጠራም ነበር። ስለዚህ የስልክ ጠላት ቁጥር አንድ፣ ክቡር ጋሽ ማጥፊያ፣ ክንዳቸውን በመስኮቱ አውጥተው ስልኩን ሽቅብ ይዘው እንደ አንቴና ቆሙ። ዓይናቸው ግን ከልጅቷ ጣቶች አልተነቀለም።

የንድፍ መምህርቷ በውጭ ስታልፍ አየቻቸው። «ወይ ጉድ! ጋሼ ኔትወርክ ፍለጋ ወጡ!»

«ሂጂ ወዲያ! ሥራ ላይ ነኝ።»

ክንዳቸው ሲዝል በሌላው እጃቸው እየቀየሩ ቆዩ። ስልኩ የጠራው ልጅቷ የመጨረሻውን ጠርዝ መቅረጽ ስትጀምር ነው። ጋሽ ማጥፊያ «አቤት» አሉ፣ አዳመጡ፣ «እሺ፣ እሺ» አሉና በቀጥታ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ዋናውን የመብራት ማጥፊያ ቁልቁል ሳቡት። ለአደጋ ካልሆነ ተነክቶ አያውቅም። ማሽኑ ሁሉ እያቃሰተ ቆመ። ልጅቷ ዞራ አፈጠጠችባቸው።

«ምን ታፈጪያለሽ? እጁ ማሽን ላይ ያለ ሰው ወሬ አይነገረውም፤ ክፉም ይሁን ደግ። እናትሽ በሰላም ወጥተዋል። ነቅተዋል። ‹ፈተናዋን ጨረሰች ወይ?› ይላሉ። ምን ልበላቸው?»

ልጅቷ እንባዋን በቱታዋ እጅጌ ስትጠርግ ፊቷ ሁሉ ግራሶ ሆነ። «ትንሽ ቀርቷታል በሏት።»

«ሰምተዋል?» አሉ ጋሽ ማጥፊያ ወደ ስልኩ፤ ማጥፊያውንም መልሰው አበሩት። «እንግዲያው ጨርሺ!»

በማግስቱ መስኮቱ ጋ አንዲት ቀይ ማቀፊያ ተገጠመች፤ አስቸኳይ ጥሪ የሚጠበቅበት ስልክ ድምፁ እንደተከፈተ የሚቀመጥባት። በዚያ ሳምንት አጎቱ ያልታመመበት ተማሪ አልነበረም። ጋሽ ማጥፊያ እያንዳንዱን አጎት በዝርዝር መርምረው፣ ሁሉንም ጤነኛ ሆነው ስላገኟቸው ስልኮቹን ወደ ሰሌዳው መለሱ።

እናትየው ሲሻላቸው ሊያመሰግኑ መጡ። «ልጄን እንደ አባት ነው የያዙልኝ፤ እኔ እኮ…» ብለው ሳይጨርሱ ቦርሳቸው ውስጥ ስልካቸው ጮኸ።

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«እንኳን ለዚህ አበቃዎት፣ እትዬ» አሉ ጋሽ ማጥፊያ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው። «ስልክዎን።»

እናትየው እየሳቁ ሰጧቸው። እሳቸውም ከጆሯቸው ጀርባ እርሳሳቸውን አውጥተው፣ ሰሌዳው ላይ ከዳይሬክተሩ ስልክ ቅርጽ ጎን፣ ዙሪያውን በጥንቃቄ ከበቡት።