ከጓንዡ ዲላ፣ ከዲላ አክስት ቤት

እናንተ፣ ቻይና እንዲህ ቅርብ ነበር እንዴ?

እኔማ ከዲላ ገደብ በአውቶቡስ ስሄድ እንኳ ወገቤ ይቆረጣል። ሰሞኑን የጎረቤቴ የብዙነሽ ልጅ ሜሮን ትምህርቷን ጨርሳ ከጓንዡ ልትመጣ ነው ሲባል ግን፣ ሰፈሩ ሁሉ አውሮፕላን አብራሪ ሆነ። ባለሱቁ ጋሽ ሁሴን ስልካቸውን ነካ ነካ አድርገው፣ "ርቀቱ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ በአውሮፕላን ግን አንድ ሌሊት ናት። ጠዋት አዲስ አበባ፣ አመሻሽ ላይ ዲላ" አሉ። "ስልክዎ መንገዱን ሄዶበት ያውቃል?" ብላቸው ማን ይስማኝ!

በዚያች ስሌት ነው ብዙነሽ ሽማግሌ ለዚያው ምሽት የቀጠረችው። ልጅቱን ገደብ ላለው እጮኛዋ ሊጠይቁ ነው። ሁለቱማ በስልክ ተስማምተው ጨርሰዋል። ብዙነሽ ግን "ልጄ ባለችበት ትጠየቅ" አለች። ሽማግሌ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ተከፍቶ ከወጣ ማን ይመልሰዋል?

አውሮፕላኑ አላሳፈረም። መኪናውም አላሳፈረም። ሽማግሌዎቹ ገብተው እንደተቀመጡ ሜሮን ደወለች፤ "እማ፣ ዲላ ገብቻለሁ!" እልል አልን።

ከዚያ ጠፋች።

ለካ የአባቷ እህት እትዬ አማረች፣ ከተማው መግቢያ ላይ ደጃፋቸው ወንበር አውጥተው መኪናውን ይጠብቁ ኖሯል። ከሩቅ የመጣ ሰው ከአክስቱ ቤት ሳይቀምስ ያልፋል? በእኛ አገር? "ቅመሽና ትሄጃለሽ" አሏት። ቆጮው ገና ሊጋገር ነው፤ ጎመኑ ገና ሊቀቀል ነው።

ብዙነሽ ባሏን ላከች። በየነ "አሁን ይዣት መጣሁ" ብሎ በባጃጅ በረረ። እህቱ ቤት ገብቶ ማን በቆመበት ይመለሳል? እሱም ቀረ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና "ልጅቱ ከቻይና በእግሯ ነው እንዴ የምትመጣው?" አሉ። የብዙነሽ ፊት አመድ መሰለ። ነጠላዋን አጣፍታ ራሷ ወጣች።

እሷም ቀረች!

ነገሩ ወዲህ ነው። እትዬ አማረች የልጅቱን መምጣት ሰምተዋል፤ ሽምግልናውን ግን የነገራቸው የለም። "ኧረ ለአክስቷ ንገሪ" ብዬ ብዙነሽን መክሬያት ነበር። "ኋላ ይደርሳል" አለችኝ። ይኸው ደረሰ!

ትልቁ ሽማግሌ ዱላቸውን አንስተው ብድግ አሉ። አለቀ፣ ሰርጉ ቀረ! እኔ ምን ላድርግ? "አባቶቼ፣ ልጅቱ ያለችበት ሄዳችሁ ጠይቁ" ብዬ ለምኜ፣ ባጃጅ ጠርቼ ጫንኳቸው። እትዬ አማረችም በር ላይ ተቀብለው "በመጀመሪያ ቅመሱ" አሏቸው አሉ። የበላ ሽማግሌ መቼ ይቆጣል? ልጅቱ እዚያው ተጠየቀች፣ እዚያው ተሰጠች፣ እዚያው ተመረቀች። "ያልተነገረኝ ጉዳይ ቤቴ ድረስ መጣልኝ" እያሉ እትዬ አማረች ሲስቁ አመሹ አሉ።

አሉ የምለው ስላልነበርኩ ነው። የብዙነሽን ቤት ማን ይጠብቅ? ለሽማግሌዎቹ የተሠራውን ያን ሁሉ ድስት ወጥስ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? ሳይበላሽ በፊት የአቅሜን ያህል ረዳኋት።

እንግዲህ ከእኔ ምክር ከፈለጋችሁ፣ ልጃችሁ ከሩቅ ስትመጣ ለአክስቷ እንዳትነግሩ። ለእኔ ብቻ ንገሩኝ።